የተዘጋውን የአንጎል ደም ሥር ስለ መክፈት

አንድ ገበሬ ለምሳሌ እንውሰድ። ዕድሜው 58 ነው። በሽታ የሚባል ነገር አያውቀኝም ባይ ነው። አንድ ቀን ማታ ከእርሻ ገብቶ እራት ሊበላ ተቀመጠ። እንጀራ ቆርሶ ሊያነሣ ሲል ቁራሹ ከእጁ ወደቀ። እንደገና ቢሞክር ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው። ሚስቱን ሊጠራ አፉን ቢከፍት ምላሱ ተሳሰረ። ከንፈሩም ወደ አንድ ወገን ተጣመመ።

ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዱ «ምች ነው፤ ዳማከሴ አምጡለት» አለ። ሌላው «የለም፣ መጋኛ ነው» አለ። እንዲህ ሲከራከሩ ሌሊቱ ነጋ። ሰውየው በማግሥቱ በቃሬዛ ጤና ጣቢያ ደረሰ። ከዚያም ወደ ሆስፒታል ተላከ። ሲቲ ስካን በሚባል የራጅ መሣሪያ ራሱን አነሡት። ሐኪሙም «ስትሮክ ነው፤ ወደ አንጎል ደም የሚወስድ ሥር ተዘግቷል» አለ።

ሁለት ወር አለፈ። የሰውየው ነፍስ ተርፋለች። ንግግሩም በመጠኑ ተመልሶለታል። እግሩን ግን እየጎተተ በምርኩዝ ይሄዳል። ሞፈር መጨበጥ አልቻለም። በዚህ ጊዜ የወንድሙ ልጅ ከከተማ ሊጠይቀው መጣ። «አጎቴ፣ በውጭ አገር እኮ የተዘጋውን የአንጎል ደም ሥር ራስ ሳይቀደድ፣ በቀጭን ቱቦና በፊኛ ይከፍቱታል። ሁለቱን በሬዎች እንሽጥና ሄደው ይታከሙ» አለ። ሚስትየዋ ዝም አለች። ጥንድ በሬ ማለት የአንድ ቤት እርሻ ማለት ነው።

ልጁ የተናገረው ውሸት አይደለም። እንዲህ ያለ ሕክምና አለ። ይሁን እንጂ ለዚህ ሰው ይበጃል ወይ? በሬ ያሸጣል ወይ? ይኸን ለመመለስ ነገሩን ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል።

ደም ወደ አንጎል እንዴት ይሄዳል?

የሰው አንጎል ሲመዘን 1 ኪሎ ከ400 ግራም ያህል ነው። ከጠቅላላው ሰውነት ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው። ነገር ግን ሰውነት ከሚጠቀምበት ኦክስጅን አንድ አምስተኛውን ለብቻው ይወስዳል። ኦክስጅን ስንተነፍስ ከአየር ወደ ደማችን የሚገባው ሕይወት ሰጪ ነገር ነው። አንጎል በየደቂቃው ሦስት አራተኛ ሊትር ያህል ደም ይቀበላል። ስንቅ የሚያስቀምጥበት ጎተራ ግን የለውም። ደሙ ሲቋረጥበት ያን ጊዜውኑ ይራባል።

ይኸን ደም የሚያደርሱት አራት ትላልቅ የደም ሥሮች ናቸው። ሁለቱ በአንገት ፊት ለፊት፣ በግራና በቀኝ ይወጣሉ። ጣትዎን ከመንጋጋዎ በታች በጉሮሮዎ ጎን ቢያሳርፉ ሲመታ ይሰማዎታል። ሌሎቹ ሁለቱ በአንገት አጥንት ውስጥ ተሸሽገው በኋላ በኩል ይወጣሉ። አራቱም ከአንጎል ሥር ይገናኙና ቀለበት ይሠራሉ። ይኸን ቀለበት ቶማስ ዊሊስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1664 አጥርቶ ስለ ገለጸው እስከ ዛሬ የዊሊስ ቀለበት ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የቀለበቱ ጥቅም መስኖ ለሚያጠጣ ሰው ቶሎ ይገባዋል። አንዱ ቦይ ቢደፈን የውሃ አባቱ ውሃውን በሌላው ቦይ አዙሮ ማሳው ላይ ያደርሰዋል። አንጎልም እንዲሁ ነው። አንዱ የአንገት ደም ሥር ቀስ በቀስ ቢዘጋ፣ ደሙ በቀለበቱ ዞሮ የሚደርስበት ጊዜ አለ። አንዱ የአንገት ደም ሥሩ ጨርሶ ተዘግቶ ምንም ሳይሰማው የሚኖር ሰውም ይገኛል። ይኸን ልብ ይበሉ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ከቀለበቱ በላይ ግን ቦዮቹ እየቀጠኑ ይሄዳሉ። ከነዚህ ዋነኛው ሥር የውስጡ ስፋት 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የአንድ ስንዴ ፍሬ ወርድ ማለት ነው። የእጅ፣ የእግርና የንግግር ሥራ በአብዛኛው የሚመራው ይኸ ሥር በሚያጠጣው የአንጎል ክፍል ነው።

ሥሩ የሚዘጋው በተለያየ መንገድ ነው። አንዳንድ ጊዜ የረጋ ደም ከልብ ተነሥቶ፣ ጎርፍ እንዳመጣው ግንድ፣ መንገዱ ከጠበበበት ላይ ይወተፋል። ይኸ ድንገተኛ ነው። ሌላው ዝግ ብሎ የሚመጣ ነው። የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ ትምባሆና በደም ውስጥ የበዛ ስብ የሥሩን ግድግዳ ለብዙ ዓመታት ያቆስሉታል። በቁስሉ ላይ ስብ ይጋገራል፤ ይደነድናል፤ እንደ ደለል መንገዱን ያጠበዋል። አንድ ቀን ደለሉ ይሰነጠቅና ደም ይረጋበታል። ያን ጊዜ ሥሩ ይዘጋል፤ ወይም ፍርፋሪው ወደ ፊት ሄዶ ትንንሾቹን ሥሮች ይደፍናል። የደም ሥር ፈንድቶ ደም አንጎል ውስጥ ሲፈስም ስትሮክ ይባላል። እዚህ የምንናገረው ግን ስለ ተዘጋው ነው።

በራስ ቅል ውስጥ ያለው ደም ሥር በደለል መጥበቡ ከነጮች ይልቅ በጥቁር ሕዝቦችና በእስያ ሰዎች ላይ ይበዛል። በቻይና ከዋነኞቹ የስትሮክ መነሻዎች አንዱ ነው። የዚህ ሕክምና ታሪክ ኋላ ወደ ቻይና የሚወስደን በዚህ ምክንያት ነው።

ያለፈው ሰዓት

ትልቅ የአንጎል ደም ሥር ሲዘጋ በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን ያህል የአንጎል ሕዋሶች እንደሚሞቱ ሊቃውንት አስልተዋል። ስለዚህ ከሁሉ የሚበልጡት የመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ናቸው። የረጋውን ደም የሚያሟሟ መርፌ አለ፤ እሱም በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ቢሰጥ ነው። አስቀድሞ ግን ራስ በሲቲ ስካን መታየት አለበት። ሥሩ የፈነዳበትን ሰው ይኸው መርፌ ሊገድለው ይችላል። ቱቦ አስገብቶ የረጋውን ደም ጎትቶ የማውጣት ሕክምናም አለ። ጥቅሙ በ2015 በበርካታ አገሮች በተደረጉ ጥናቶች ተረጋግጧል። ይኸም በጥቂት ሰዓቶች ውስጥ፣ ለተመረጡ ሕመምተኞች ደግሞ እስከ 24 ሰዓት ድረስ ይሠራል።

ጎረቤቶቹ ዳማከሴ ሲያሹ ያደሩት ይኸን ሰዓት ነው። ክፉ አስበው አይደለም። የፊት መጣመምና የእጅ መዛል በአንድ ጊዜ ሲመጣ ምች እንዳልሆነ የነገራቸው አልነበረም።

የእኛ ገበሬ እንግዲህ ሁለት ወር አልፎታል። የሞተው የአንጎል ክፍል ሞቷል። ቡቃያው ከደረቀ በኋላ ቦዩን ቢጠርጉት ቡቃያው አይነሣም። ይኸ ነገር መራራ ቢሆንም ሳይሸፋፈን መነገር አለበት። ብዙ ሰው «ሥሩ ከተከፈተ እጄ ይመለሳል» ብሎ ተስፋ ያደርጋልና። ከሁለት ወር በኋላ እጅ ትንሽ ትንሽ መንቀሳቀስ ቢጀምር፣ የተረፈው የአንጎል ክፍል የሞተውን ሥራ እየተማረ ስለሆነ ነው። ትምህርቱ የሚገኘውም የዛለውን እጅና እግር በየቀኑ በማሠራት ነው። ባቄላ መፈልፈል፣ ጥጥ መፍተል፣ ገመድ መግመድ እንኳ ለዛለ እጅ ትምህርት ነው።

ታዲያ ሥሩ ዘግይቶ የሚከፈተው ለምንድን ነው? ለሚመጣው ስትሮክ ነው። ሥሩ ጠቦ ከሆነ ያ ደለል አሁንም እዚያው አለ። ነገ ሌላ ፍርፋሪ ሊልክ ይችላል። ደግሞ ከሞተው ክፍል አጠገብ፣ ሳይሞት ግን በቀጭን ጅረት ብቻ የሚኖር የተራበ ክፍል ይኖራል። ሐኪሞች የሚሉት «የተረፈውን እናድን» ነው።

ቱቦውና ፊኛው

በሕይወት ያለ ሰው የአንጎል ደም ሥር ለመጀመሪያ ጊዜ በራጅ የታየው በ1927 ነው። ኤጋሽ ሞኒሽ የተባለ ፖርቱጋላዊ ሐኪም በሊዝበን ከተማ በአንገት ደም ሥር ውስጥ በራጅ የሚታይ ፈሳሽ ጨምሮ ፎቶግራፍ አነሣ። በ1953 ደግሞ ስቬን ሴልዲንገር የተባለ ስዊድናዊ ሐኪም ሥጋ ሳይቀደድ ቱቦ የሚገባበትን ዘዴ ገለጸ። ደም ሥሩን በመርፌ ይወጋል፤ በመርፌው ውስጥ ቀጭን ሽቦ ያሳልፋል፤ መርፌውን ያወጣና በሽቦው ላይ ቱቦውን እያንሸራተተ ያስገባል። እስከ ዛሬ በዚሁ ዘዴ ይሠራል።

ጠባብ ሥርን ከውስጥ የመክፈት ሥራ የተጀመረው ግን በእግር ነው። በ1964 በአሜሪካ አገር በፖርትላንድ ከተማ አንዲት የ82 ዓመት አሮጊት ሆስፒታል ተኝተው ነበር። የእግራቸው ደም ሥር ጠቦ ጣቶቻቸው መበስበስ ጀምረዋል። ሐኪሞቹ «እግሩ ይቆረጥ» አሉ። እሳቸው «እምቢ፣ አይቆረጥም» አሉ። ያን ጊዜ ቻርልስ ዶተር የተባለ የራጅ ሐኪም ሽቦ አስገባ። በሽቦው ላይ እየወፈሩ የሚሄዱ ቱቦዎችን አከታትሎ ሰደደ፤ የጠበበውንም አሰፋው። እግሩ ሞቀ። ቁስሉ ዳነ። አሮጊቷ እስኪሞቱ ድረስ በገዛ እግራቸው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ አንድሪያስ ግሩንትሲግ የተባለ ጀርመናዊ በስዊስ አገር በዙሪክ ከተማ በቱቦው ጫፍ ላይ የሚነፋ ፊኛ አበጀ። ፊኛዎቹን የሚሠራው በቤቱ በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነበር። በ1974 በእግር፣ በ1977 በልብ ደም ሥር ላይ ሠራበት። በ1980 ደግሞ በአሜሪካ በማዮ ክሊኒክ ያሉ ሐኪሞች በአንጎል ሥር ያለን ደም ሥር በፊኛ መክፈታቸውን ጻፉ።

ዛሬ አሠራሩ እንዲህ ነው። ሕመምተኛው በራጅ መሣሪያ ሥር ይተኛል። ቱቦው በብሽሽቱ ወይም በእጁ አንጓ በኩል ይገባል። በትልቁ የደም ሥር ሽቅብ ሄዶ አንገት ይደርሳል። ከዚያ ከፈረስ ጭራ ፀጉር ብዙም የማይወፍር ሽቦ ወደ ራስ ቅል ውስጥ ይገባል። ሐኪሙ በቴሌቪዥን መስታወት ላይ እያየ ሽቦውን በጠበበው ቦታ ያሾልከዋል። በሽቦው ላይ የታጠፈ ፊኛ ይልካል። ፊኛው ሲነፋ ደለሉን ወደ ግድግዳው ይጫነዋል፤ መንገዱም ይሰፋል። ከዚያ ፊኛው ተንፍሶ ይወጣል። አንዳንድ ጊዜ ሥሩ ተመልሶ እንዳይጠብ በሽቦ የተሠራ መረብ መሳይ ቱቦ እዚያው ይተዋል። ይኸን ስቴንት ይሉታል።

ሲነገር ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የአንጎል ደም ሥር የእግር ደም ሥር አይደለም። የእግሩ በሥጋ የታቀፈ ነው፤ ግድግዳውም ወፍራም ነው። የአንጎሉ ግድግዳው ስስ ነው፤ በውሃ መሳይ ፈሳሽ ውስጥ ተንጠልጥሎ ይኖራል። ከጎኑ እንደ ክር የቀጠኑ ቅርንጫፎች ይወጣሉ፤ ከነዚያም አንዷ ብትደፈን እጅ ወይም እግር ይዝላል። ሽቦው ግድግዳውን ቢበሳው ደሙ ራስ ቅል ውስጥ ይፈሳል፤ መውጫም የለውም።

ዕጣ የወጣላቸው ሰዎች

በ2005 የአሜሪካ መንግሥት የመድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አንድ የአንጎል ስቴንት በተወሰኑ ሕመምተኞች ላይ እንዲሠራበት ፈቀደ። ብዙ ሐኪሞች ነገሩ ያለቀለት መሰላቸው። ሥሩ ከጠበበ ይከፈት፤ ሌላ ምን ያሻል? በፎቶግራፉ ላይ ሲታይም ያምራል። ፊት እንደ ክር የነበረው ወንዝ ሆኖ ይታያል።

ጥቂቶች ግን «ፎቶግራፉ አምሯል፤ ሰውየውስ?» ብለው ጠየቁ። ይኸን ለማወቅ በአሜሪካ በ50 ሆስፒታሎች 451 ሰዎች ተመረጡ። ሁሉም በቅርቡ ስትሮክ ወይም መጥቶ የሄደ የስትሮክ ምልክት የነበረባቸው ናቸው። የአንጎል ደም ሥራቸውም ከ100 እጅ 70 ወይም ከዚያ በላይ የጠበበ ነበር። በዕጣ በሁለት ተከፈሉ። ለአንደኛው ወገን መድኃኒት ብቻ፣ ለሁለተኛው መድኃኒትና ስቴንት ተሰጠ። ዕጣ ያስፈለገው ሐኪሙ ጠንካራውን ሰው ለሚወደው ሕክምና እንዳያዳላ ነው።

በ2011 ጥናቱ ሳያልቅ እንዲቆም ተደረገ። በ30 ቀን ውስጥ ስቴንት ከገባላቸው ውስጥ በ1000 ሰው 147ቱን ያህል ስትሮክ ደግሟቸዋል ወይም ሞተዋል። መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት ውስጥ ግን በ1000 ሰው 58 ያህሉ ብቻ ናቸው። የተከፈተላቸው ሰዎች ካልተከፈተላቸው ይልቅ ተጎዱ። አንዳንዶቹ ሽቦው በስቶባቸው፣ ሌሎቹ ደሙ በድንገት ሲጎርፍባቸው አንጎላቸው ውስጥ ደማ። በሌሎቹ ደግሞ የተጫነው ደለል ክር የመሰሉትን ቅርንጫፎች ደፈነ።

ሐኪሞቹ ያመኑበትን ነገር በገዛ ጥናታቸው አፍርሰው ውጤቱን ለዓለም ማውጣታቸው ያስመሰግናቸዋል። ከዚያ የሚበልጠው ግን የመድኃኒቱ ነገር ነው። መድኃኒት ብቻ የተሰጣቸው ሰዎች ከተጠበቀው በላይ ደኅና ሆኑ። ምን ተደረገላቸው? በየቀኑ አስፒሪን ወሰዱ። ለመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት ክሎፒዶግሬል የሚባል ሌላ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ክኒን ተጨመረላቸው። የደም ግፊታቸው የላይኛው ቁጥር ከ140 በታች እንዲወርድ ተደረገ። የደም ስብ የሚቀንስ ክኒን ተሰጣቸው። ትምባሆ እንዲተዉና እንዲንቀሳቀሱ የሚመክራቸውና የሚከታተላቸው ሰው ተመደበላቸው። ከነዚህ ነገሮች ውስጥ ፊኛም ሽቦም የለም።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። አንዳንድ ሐኪሞች «ቸኩለው ነው፤ የስትሮኩ ቁስል ገና ትኩስ ሳለ ነክተውት ነው» አሉ። በዚህ መሠረት በቻይና ልምድ ያላቸው ሐኪሞች ባሉባቸው 8 ሆስፒታሎች ሌላ ጥናት ተደረገ። ከስትሮኩ በኋላ ከ3 ሳምንት በላይ ጠበቁ። በ2022 ውጤቱ ወጣ። በአንድ ዓመት ውስጥ ችግር የደረሰባቸው ስቴንት ከገባላቸው በ1000 ሰው 80፣ መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት በ1000 ሰው 72 ሆኑ። በልምድና በትዕግሥት ጉዳቱ ቀነሰ። ጥቅሙ ግን አልታየም።

ቀጥሎ ስቴንቱን ትተው ወደ ፊኛው ተመለሱ። በቻይና በ31 ሆስፒታሎች 501 ሰዎች ላይ የተደረገው ጥናት በ2024 ታተመ። ስትሮክ ከያዛቸው ከ14 እስከ 90 ቀን የሆናቸው፣ ወይም በ90 ቀን ውስጥ መጥቶ የሄደ ምልክት የታየባቸው ናቸው። ሐኪሞቹ ሥሩን እስከ ሙሉ ስፋቱ አልከፈቱትም። ከሥሩ ስፋት ያነሰ ፊኛ ወስደው ደሙ ሊያልፍ እስኪችል ብቻ አሰፉት። ሽቦም አልተዉበትም። በዓመቱ ሲቆጠር ፊኛና መድኃኒት ካገኙት በ1000 ሰው 44፣ መድኃኒት ብቻ ካገኙት በ1000 ሰው 135 ሆነ። ከ135ቱ ውስጥ ስትሮክ ደግሟቸው የተቆጠሩ አሉ፤ በኋላ ሥሩ የግድ እንዲከፈት የተደረገላቸውም አብረው ተቆጥረዋል።

ይኸ መልካም ዜና ነው። ሆኖም ያለ ዋጋ አልተገኘም። በፊኛው ከተከፈተላቸው ውስጥ በ1000 ሰው በ145ቱ ላይ የሥሩ የውስጥ ገበር ተሰንጥቋል፤ ብዙዎቹ ግን ከዚህ የተነሣ ለከፋ ጉዳት አልተዳረጉም። በመጀመሪያዎቹ 30 ቀኖችም ስትሮክ ወይም ሞት ከመድኃኒቱ ወገን በፊኛው ወገን ጥቂት በለጠ። በ1000 ሰው 32 እና 16 ነበር። የፊኛ ሕክምና ማለት ዛሬ ጥቂት አደጋ ተቀብሎ ነገ ትልቅ አደጋ መሸሽ ነው። ሠሪው እጁ ካልለመደ የዛሬው አደጋ ከነገው ይበልጣል።

ጨርሶ የተዘጋው ሥር

እስካሁን የተናገርነው ስለ ጠበበ ሥር ነው። ጨርሶ የተዘጋው ሌላ ነገር ነው። የረጋው ደም ሲቆይ ይደነድናል፤ ከግድግዳው ጋር ይጣበቃል። ሽቦ የሚያልፍበት ቀዳዳ አይኖርም። ሐኪሙ ደሙ ይሄድበት የነበረውን ጎዳና ትቶ ግድግዳውን ሊበሳ ይችላል። ሥሩ ቢከፈት እንኳ፣ ለወራት በጥቂት ደም የኖረ የአንጎል ክፍል ጎርፍ ሲመጣበት ሊደማ ይችላል። በቻይናና በሌሎችም አገሮች ከሳምንታትና ከወራት በኋላ እንዲህ ያለውን ሥር የከፈቱ ሐኪሞች አሉ። በተመረጡ ሰዎች ላይ ተሳክቶላቸዋል። ነገር ግን ለሁሉም የሚመከር ሕክምና አልሆነም።

በሌላ መንገድም ተሞክሯል። በ1967 ጋዚ ያሻርጊል የተባለ ቱርካዊ ሐኪም በዙሪክ ከራስ ቅል ውጭ ያለውን ደም ሥር በአጥንቱ አሳልፎ ከአንጎሉ ሥር ጋር ሰፋው። ለተደፈነው ቦይ ከላይ አዲስ ቦይ መቅደድ ማለት ነው። ድንቅ ሥራ ነበር። በ1985 ግን 1377 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ስትሮክን እንዳልቀነሰ አሳየ። በ2023 በቻይና ይበልጥ ተጠንቅቀው 324 ሰዎች ላይ ቢሞክሩት እንደገና በግልጽ የሚበልጥ ጥቅም አልታየም። ምክንያቱን ቀደም ሲል አይተነዋል። በዊሊስ ቀለበት በኩል ደሙ ዞሮ ከደረሰ አንጎሉ አዲስ ቦይ ላያስፈልገው ይችላል።

አንድ ነገር እንዳይረሳ። የጠበበው ሥር በራስ ቅል ውስጥ ሳይሆን በአንገት ላይ ከሆነ መልሱ ሌላ ነው። አንገት ተከፍቶ ደለሉ ቢጠረግ ጥቅሙ በ1991 በተረጋገጠ ጥናት ታውቋል። በጣም ከጠበበባቸው ሰዎች ውስጥ በሁለት ዓመት ጊዜ መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት ከ100 ሰው 26ቱን፣ ከተጠረገላቸው ከ100 ሰው 9ኙን በዚያው ወገን ስትሮክ ያዛቸው። ይኸም ቶሎ፣ በተቻለ መጠን በሁለት ሳምንት ውስጥ ቢደረግ ይሻላል። ስለሆነም «ሥር ተዘግቷል» ሲባል «የቱ ሥር? አንገት ላይ ነው ወይስ ራስ ውስጥ? ጠቧል ወይስ ጨርሶ ተዘግቷል?» ብሎ ሐኪሙን መጠየቅ ነውር አይደለም። «መድኃኒት እየወሰደ ደገመው ወይስ ሳይወስድ?» የሚለውም ጥያቄ አለ። መድኃኒቱን በትክክል እየወሰደ ስትሮክ የሚደጋግመው ሰው የጠበበ ሥሩ በፊኛ ይከፈት ተብሎ ቢታሰብለት ተገቢ ነው።

ወደ ገበሬያችን እንመለስ። ሐኪሙ በሁለተኛው ቀጠሮ ይኸ ሁሉ ተጠየቀ። የእሱ ሥር ራስ ውስጥ ነው፤ ጨርሶ ተዘግቷል። ስትሮኩ የያዘው አንድ ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት የደም ግፊቱ ተለክቶ አያውቅም፤ አንድ ክኒንም ውጦ አያውቅም። በመጀመሪያው ቀን ሲለካ 184 በ106 ነበር። ሐኪሙ «በሬዎቹን አትሽጥ። ላንተ ገና ያልተሞከረው መድኃኒቱ ነው» አለው።

የወንድሙ ልጅ ቅር አለው። ከውጭ አገር ፊኛ ይልቅ በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን ለሰው ዓይን አይሞላም። ደግሞም ከባድ ነው። ክኒኑ ሕመም አያስታግስም፤ ሲውጡት የሚሰማ ነገር የለም፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ደኅና ነኝ ሲል ይተወዋል። ስትሮክ የሚመለሰውም ብዙ ጊዜ ያን ሲጠብቅ ነው። አስፒሪንም ቢሆን ሐኪም ሳያዝ አይወሰድም፤ ሥሩ የፈነዳበትን ሰው ይጎዳዋልና።

አሁን ሰውየው ጠዋት ጠዋት ክኒኖቹን ይወስዳል። በወጡ ላይ ጨው ቀንሷል። ሱረት ትቷል። ከሰዓት በኋላ በደጁ ተቀምጦ በቀኝ እጁ ገመድ ይገምዳል፤ መጀመሪያ ላላ፣ አሁን ጠበቅ ብሏል። በየወሩ ጤና ጣቢያ ሄዶ ግፊቱ ይለካና በካርዱ ላይ ይጻፍለታል። ቁጥሩን የሚያነበው ራሱ ነው። የላይኛውን ከ140 ጋር፣ የታችኛውን ከ90 ጋር ያስተያያል። ባለፈው ወር 152 በ94 ነበር። በዚህ ወር 136 በ84 ሆኗል። ካርዱን ለሚስቱ አሳያት። እሷም ወደ ማሳው አመለከተችው። ልጁ በሬዎቹን ጠምዶ ነበር።